አይቶ እንዳላየ፦ የአኒሜ ወዳጆች እና የቅጂ መብት

ቶኪዮ ውስጥ ቢግ ሳይት የሚባል ትልቅ የኤግዚቢሽን ማዕከል አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በኦገስትና በዲሴምበር፣ ኮሚኬት የተባለው ገበያ እዚያ ይቆማል። ጠረጴዛዎች በረድፍ ይደረደራሉ። በየጠረጴዛው ላይ ሰው ራሱ ሥሎ በራሱ ገንዘብ ያሳተመው ቀጭን መጽሐፍ ተከምሯል። ዶጂንሺ ይባላል። ሥዕሉ የሻጩ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ግን በብዛት የሌላ ሰው ናቸው። ከታወቁት የጃፓን ካርቱኖች ናሩቶ አለ፣ ሉፊ አለ፣ ጎኩ አለ። በዋናው ታሪክ የሞተ እዚህ ይነሣል። እዚያ ደመኛ የነበሩ እዚህ ይፋቀራሉ። (ከመፋቀርም አልፈው የሚሄዱ ሞልተዋል፤ እሱን ለአዋቂዎች እንተወው።) በዲሴምበር 2019 በአራት ቀን ውስጥ ወደ 750,000 ሰው ገብቶበታል።

የገጸ ባሕርያቱ ባለቤቶች ይህን ሳይሰሙ ቀርተው አይደለም። አኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) የሚሠሩ ኩባንያዎች እዚያው ማዕከል ውስጥ የራሳቸው ክፍል ተሰጥቷቸው ዕቃቸውን ይሸጣሉ። ፖሊስ የሚጠራ የለም።

እዚያው አገር፣ በኖቬምበር 2022፣ የቶኪዮ አውራጃ ፍርድ ቤት ሁለት ሰዎችን 500 ሚሊዮን የን ክፈሉ ብሏቸዋል። ጥፋታቸው ፊልሞችን ወደ አሥር ደቂቃ ገደማ አሳጥሮ፣ ታሪኩን በላዩ ላይ እየተረኩ ዩቲዩብ ላይ መጫን ነበር። እኛ ሪካፕ የምንለው ማለት ነው። የከሰሷቸው 13 ኩባንያዎች ናቸው። ጉዳቱ የተሰላው በእያንዳንዱ እይታ 200 የን ተብሎ ነው። ከዚያ በፊት በወንጀልም ተፈርዶባቸዋል።

ሁለቱም ወገኖች የሰው ሥራ ወስደዋል። አንዱን አይተው እንዳላዩ ያልፉታል፣ ሌላውን ኪሱ እስኪራቆት ድረስ ይከሱታል። ለምን? አኒሜ ለሚወድ፣ በተለይ ደግሞ ከአኒሜ ላይ ኤዲት (በዘፈን የተቀናበረ የቁራጭ ምስሎች ቪዲዮ)፣ ሪካፕ ወይም ሥዕል ለሚሠራ ሰው ጥያቄው ቀላል አይደለም። (ከአንድ የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር በስተቀር፣ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወረቀቱ ላይ ያለው ሕግ

መጀመሪያ ደረቁን ነገር እንጨርሰው። የጃፓን የቅጂ መብት ሕግ በ1970 የወጣ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። አንድን ሥራ የማባዛት፣ ኢንተርኔት ላይ የማውጣት፣ ወደ ሌላ ቋንቋ የመተርጎም፣ ቀይሮ ሌላ ታሪክ የማድረግ መብት የባለቤቱ ብቻ ነው ይላል። በዚያ ላይ ደራሲው ሥራው ያለፍላጎቱ እንዳይቀየርበት የመከልከል መብት አለው። ይኼኛው ለገንዘብ ሳይሆን ለክብሩ የተሰጠው ነው፤ ሊሸጠውም አይችልም።

ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ 50 ነበር። ለፊልም ደግሞ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ 70 ዓመት ነው። በ1963 በቴሌቪዥን የተጀመረው አስትሮ ቦይ እንኳ ገና ጥበቃው አላለቀም። ስለዚህ «አሮጌ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል» የሚለው ነገር አኒሜ ላይ አይሠራም።

የማይጠበቀው ደግሞ ሐሳብ ነው። ፀጉሩ የቆመ፣ ሆዳም፣ ከሁሉ በላይ ጠንካራ መሆን የሚፈልግ ልጅ የማንም ንብረት አይደለም። የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 ስለ ካርቱኑ መርከበኛ ፖፓይ ሥዕል በቀረበለት ክስ ይህን አስቀምጦታል። ክሱ የከረባት ጉዳይ ነው፤ ከረባት ላይ ፖፓይ ተሥሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ «ገጸ ባሕርይ» የሚባለው ረቂቅ ነገር በራሱ የቅጂ መብት የለውም፤ የሚጠበቀው ወረቀት ላይ የወረደው ሥዕል ነው አለ። የሥዕል ስልትም እንዲሁ ነው። በማርች 2025 ሰው ሁሉ ፎቶውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የጂብሊን (የታወቀ የጃፓን አኒሜ ስቱዲዮ) ሥዕል ሲያስመስል፣ ብዙው ተመልካች «እንዴት ሕግ አይከለክላቸውም» ብሎ ነበር። ስልቱን ብቻ ከሆነ አይከለክልም። ማሽኑ በማን ፊልም ሠለጠነ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ እስካሁንም እያከራከረ ነው።

አሜሪካኖች «ፌር ዩዝ» የሚሉት ሰፊ በር አላቸው። ዳኛው አራት ነገር ያያል፦ ለምን ተጠቀምክበት፣ የወሰድከው ምን ዓይነት ሥራ ነው፣ ምን ያህሉን ወሰድክ፣ የባለቤቱን ገበያ ጎዳህበት ወይ። ጃፓን ይህ በር የላትም። እሷ ያላት የተዘረዘሩ ትንንሽ በሮች ናቸው፦ ለግል ጥቅም መቅዳት፣ ለሂስ መጥቀስ፣ ለትምህርት ቤት ማዋል፣ ወዘተ። ዶጂንሺ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሕጉን ቃል በቃል ካነበብነው፣ ኮሚኬት ላይ ከተከመሩት መጻሕፍት ብዙዎቹ ባለቤቱ ከፈለገ ሊከስባቸው የሚችሉ ናቸው።

ታዲያ እንዴት ይሸጣሉ?

መልሱ አቤቱታ ነው። በጃፓን የቅጂ መብት ጥሰት በመሠረቱ የግል አቤቱታ የሚጠይቅ ወንጀል ነው። ባለቤቱ ራሱ «ተበደልኩ» ብሎ ካላመለከተ ዓቃቤ ሕግ ክስ አይመሠርትም። ጎረቤት ሊጠቁም አይችልም። የተናደደ ሌላ አድናቂም አይችልም። ነገሩ ሁሉ በባለቤቱ እጅ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ማለትን ይመርጣል።

ዝም የሚለው ደግ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዶጂንሺ የሚሥለው ሰው ዋናውን ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ከነሙሉ ቅጹ የገዛ፣ ለሌላ የሚያወራ፣ አኒሜው ካለቀ በኋላም ስሙ እንዳይረሳ የሚያደርግ ሰው ነው። ነገ ታዋቂ ማንጋ ሣይ የሚሆነውም ከእነሱ መሀል ይወጣል። ክላምፕ የተባለው የሴቶች ቡድን የተጀመረው በዶጂንሺ ነው። አሳታሚዎች ኮሚኬት ላይ እየተዘዋወሩ አዲስ ሰው ይፈልጋሉ። ይህን ቤት ማቃጠል ራስን መጉዳት ነው።

ሌላ ብዙም የማይወራ ምክንያት አለ፤ እኔ ግን ከሁሉ ይበልጣል ብዬ የማስበው ይህን ነው። አንድ አኒሜ ብዙ ጊዜ የአንድ ድርጅት ንብረት አይደለም። አሳታሚው፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው፣ የሙዚቃ ኩባንያው፣ የአሻንጉሊት አምራቹ ገንዘብ አዋጥተው «የፕሮዳክሽን ኮሚቴ» ያቋቁማሉ። መብቱም የጋራቸው ይሆናል። በጋራ የተያዘ መብት ላይ ፈቃድ ለመስጠት ደግሞ ሁሉም መስማማት አለባቸው። እንግዲህ አንዲት ተማሪ 100 ቅጂ ለምታሳትመው መጽሐፍ ስድስት ኩባንያ ሰብስቦ ማን ያስፈርማል? ዝም ማለት የማንንም ፊርማ አይጠይቅም።

ሰፊ ግቢ ያለው ሰው መንደርተኛው በግቢው አቋርጦ ሲያልፍ አይቶ እንዳላየ ሊሆን ይችላል። ዓመታት ያልፋሉ፣ ቀጭን መንገድም ይወጣል። ግቢው ግን አሁንም የእሱ ነው፤ አንድ ቀን በር ቢዘጋ «ሁሌ እናልፍ ነበር» ብሎ መከራከር ከባድ ነው።

በሩ የተዘጋባቸው ቀናትም ነበሩ። በጃንዋሪ 1999 የፖኬሞን ገጸ ባሕርያትን ለአዋቂዎች በሚሆን ዶጂንሺ የሣለች አንዲት ሴት፣ የጨዋታው ኩባንያ ኒንቴንዶ ስላመለከተባት በኪዮቶ ፖሊስ ተይዛለች። የምትኖረው ፉኩኦካ ነበር። መጨረሻ ላይ 100,000 የን ተቀጣች። ገንዘቡ ትልቅ አይደለም። እስሩ ግን ሣዮቹን ሁሉ አስደነገጠ፤ የልጆች ገጸ ባሕርይን ልቅ አድርጎ መሣል የት እንደሚያደርስ አዩ።

የዶራኤሞን ታሪክ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። የሮቦት ድመቱ የዶራኤሞን ፈጣሪ ፉጂኮ ኤፍ ፉጂዮ በ1996 ሲሞት ለታሪኩ መጨረሻ አላበጀለትም። በ2005 አንድ ሣይ መጨረሻውን በዶጂንሺ ሠራው። የዶራኤሞን ባትሪ ያልቃል። ሰነፉ ኖቢታ ወዳጁን ለመጠገን ሲል ተምሮ፣ ትልቅ መሐንዲስ ሆኖ ያድጋል። አንብቦ ያላለቀሰ የለም ይባላል። ችግሩ በጣም መመሳሰሉ ነበር። የሥዕሉ እጅ የዋናውን ያህል ነው፣ ሽፋኑም የእውነተኛውን ይመስላል። ኢንተርኔት ላይ ሲዞር ብዙ ሰው እውነተኛው መጨረሻ መሰለው። በጥቂት መቶ ቅጂ መቅረት የነበረበት መጽሐፍ ወደ 13,000 ተሸጠ። በ2007 አሳታሚው ሾጋኩካንና የፉጂኮ ድርጅት ጣልቃ ገቡ። ሣዩ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከሽያጩ የተወሰነውን ከፈለ፣ ዳግመኛ ላያደርግ ቃል ገባ። ፍርድ ቤት አልተደረሰም።

ሁለቱን ስናያቸው ያልተጻፈው ድንበር ትንሽ ይታያል። በጥቂቱ አሳትም። የአንተ እጅ መሆኑ ይታወቅ። ከዋናው ዕቃ ጋር አትሻማ። የልጆችን ነገር አታቆሽሽ። ይህን የጻፈው ሕግ አውጪ የለም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

የተጻፈ ፈቃድ

በ2010ዎቹ ይህ ዝምታ ሊፈርስ ነበር። ጃፓን ከአሜሪካና ከሌሎች አገሮች ጋር ቲፒፒ የተባለውን የንግድ ስምምነት ስትደራደር፣ የቅጂ መብት ወንጀል ያለአቤቱታ እንዲከሰስ የሚል ሐሳብ መጣ። ሣዮቹ ተንቀጠቀጡ። ባለቤቱ ዝም ቢልም ሦስተኛ ወገን እየጠቆመ ሊያሳስራቸው ነው። ኬን አካማትሱ የተባለው ማንጋ ሣይ ከፊት ሆኖ ተሟገተ። በ2013 ደግሞ «የዶጂን ምልክት» የሚባል ነገር ወጣ፤ ደራሲው ማንጋው ላይ ካተመው «ከዚህ ዶጂንሺ መሥራት ትችላላችሁ» ማለቱ ነው። አካማትሱ መጀመሪያ የራሱ ሥራ ላይ አተመው። በ2022 ይኸው ሰው ለጃፓን ላይኛው ምክር ቤት ተመረጠ።

አሜሪካ ከስምምነቱ ወጣች፣ የቀሩት ግን ቀጠሉ፤ ሕጉም ከዲሴምበር 30 ቀን 2018 ጀምሮ ተሻሻለ። ፓርላማው ሣዮቹን ሰምቷቸዋል። ያለአቤቱታ የሚከሰሰው ለትርፍ ወይም ባለቤቱን ለመጉዳት ታስቦ፣ በገንዘብ የሚሸጥ ሥራ እንዳለ ሳይቀየር ተገልብጦ፣ የባለቤቱን ጥቅም አላግባብ ሲጎዳ ነው። የተቀየረ ሥራ፣ ማለትም ዶጂንሺ፣ ከዚህ ውጭ ሆነ። ማንጋ ስካን አድርጎ በጅምላ የሚለቅ ሰው ግን ገባበት። ኮሚኬትን ከሪካፑ የሚለየው መሥመርም እዚህ ላይ በደንብ ይታያል፦ አንዱ በዋናው ላይ የራሱን ይጨምራል፣ ሌላው ዋናውን በነጻ አስጨርሶ ሰው እንዳይገዛ ያደርጋል።

ለዚህ ለሁለተኛው ወገን የጃፓን ፍርድ ቤቶች ርኅራኄ የላቸውም። ማንጋሙራ የተባለው የማንጋ ድረ ገጽ በ2018 እስኪዘጋ ድረስ ማንጋውን ያለ ፈቃድ በነጻ ሲያስነብብ ነበር። አንቀሳቃሹ በ2019 ማኒላ ላይ ተያዘ። በ2021 ሦስት ዓመት እስርና 10 ሚሊዮን የን መቀጮ፣ በ2024 ደግሞ ለሦስት አሳታሚዎች ወደ 1.7 ቢሊዮን የን ካሳ ተፈርዶበታል። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮም ሕገወጥ መሆኑን እያወቁ ማንጋ ማውረድ ራሱ ሕገወጥ ነው። ለሙዚቃና ለቪዲዮ ከዚያ በፊት ተከልክሎ ነበር።

በመሀል ደግሞ የሚያምሩ መፍትሔዎች አሉ። ወንደር ፌስቲቫል የሚባል የሞዴል ቅርጻ ቅርጽ ገበያ አለ፤ አድናቂዎች የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ በሬዚን ሠርተው የሚሸጡበት ነው። እዚያ የሚሠራው «የአንድ ቀን ፈቃድ» ነው። ሠሪው አስቀድሞ ያመለክታል፣ ባለቤቱ ናሙናውን አይቶ ይፈቅዳል፤ ፈቃዱ ለዚያች ቀንና ለዚያ አዳራሽ ብቻ ነው። ማታ በሩ ሲዘጋ ያ ቅርጽ እንደገና ሊሸጥ አይችልም። ኡማ ሙስሜ የተባለውን ጨዋታ የሠራው ሳይጌምስ ደግሞ አድናቂዎችን «ልቅ ሥዕል አትሣሉ» ብሎ በጽሑፍ ለምኗል። ገጸ ባሕርያቱ ስማቸውን የያዙት ከእውነተኛ የውድድር ፈረሶች ነው። ፈረሶቹ ባለቤት አላቸው፤ ባለቤቶቹ ከተቀየሙ ጨዋታው ራሱ ስም ያጣል። አድናቂዎቹም በብዛት አክብረውታል።

አንድ ጥያቄ ሁሌ ይነሣል፦ ዶጂንሺ ራሱ የተወሰደ ነገር ከሆነ፣ ሌላ ሰው ቢሰርቀው ሣዩ ምን አፍ አለው? ይህ ፍርድ ቤት ደርሷል። አንድ ድረ ገጽ ዶጂንሺዎችን ያለ ፈቃድ ሲያስነብብ ተከሰሰና «የእናንተም ሕገወጥ ስለሆነ ልትከሱኝ አትችሉም» ብሎ ተከራከረ። የጃፓን የአእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2020 ክርክሩን አልተቀበለውም። ሣዩ የጨመረው የራሱ ነው፣ ለእሱም ጥበቃ አለው አለ። ድረ ገጹ ወደ 2.19 ሚሊዮን የን እንዲከፍል ተወሰነ።

ባሕር ማዶ

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ የተጀመረው በቪዲዮ ካሴት ነው። በ1977 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የአድናቂዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ ካሴት እየተዋዋሱ ያያሉ። ጃፓንኛ የሚያውቅ ከጥግ ተቀምጦ ያስረዳል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የቤት ኮምፒውተር ሲረክስ፣ አሚጋ የተባለውን ማሽን ከቪዲዮ ማጫወቻ ጋር አገናኝተው የትርጉም ጽሑፉን ምስሉ ላይ ማተም ጀመሩ። ፋንሰብ፣ ማለትም አድናቂዎች ራሳቸው የተረጎሙት ቅጂ፣ ተወለደ። የሚፈልግ ሰው ባዶ ካሴትና የመመለሻ ቴምብር በፖስታ ይልካል፣ ተቀድቶ ይመለስለታል። ካሴቱ ላይ «ለሽያጭም ለኪራይም አይደለም» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። አንድ ኩባንያ አኒሜውን በሕጋዊ መንገድ ካስገባው ማሰራጨቱ ይቆማል። የእነሱ የክብር ሕግ ይህ ነበር።

ክብሩ ጥሩ ነው፣ ከሕግ ግን አያድንም። የበርን ስምምነት (ዓለም አቀፉ የቅጂ መብት ውል) ትርጉምን የባለቤቱ መብት ያደርገዋል፤ ገንዘብ አለመቀበል ያንን አይለውጠውም። «ክሬዲት ሰጥቻለሁ» ማለትም እንዲሁ። ካሴት ቀርቶ ቶረንት (ሰዎች በኢንተርኔት ፋይል የሚቀባበሉበት መንገድ) ሲመጣ ፍጥነቱም ብዛቱም ሌላ ሆነ። ጃፓን ማታ የታየ ክፍል በማግስቱ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይገኛል። በዲሴምበር 2004 ሚዲያ ፋክተሪ የተባለ የጃፓን ኩባንያ በጠበቃ በኩል ለፋንሰብ ቡድኖችና ለአንድ ዝርዝር አቅራቢ ድረ ገጽ «ሥራዎቻችንን ከኢንተርኔት አንሡ» የሚል ደብዳቤ ላከ። ገና አሜሪካ ያልገቡትንም ጭምር ማለቱ ነው። ያ ደብዳቤ የክብር ሕጉ የአንድ ወገን ብቻ እንደነበር አሳየ።

ከዚህ ሁሉ የሚያስቀው የክራንቺሮል ታሪክ ነው። በ2006 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ሲያቋቁሙት ማንም ሰው ፋንሰብ የሚጭንበት ድረ ገጽ ነበር። ያለ ፈቃድ፣ በገፍ። በ2008 ቬንሮክ ከተባለ ድርጅት 4.05 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። በጃንዋሪ 2009 ከቲቪ ቶኪዮ ጋር ተዋውሎ ናሩቶን በሕጋዊ መንገድ ማሳየት ሲጀምር ያለፈቃድ የተጫነውን ሁሉ አጠፋ። በ2021 ሶኒ በ1.175 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። ሽፍታ ሲነግሥ በታሪካችን አይተናል፤ ይኼኛው ግን ዘውዱን የደፋው ባለሀብት አግብቶ ነው። ዛሬ ፋንሰበሮቹን በማስወገድ ከጠበቆች ይልቅ እሱ የሠራው ይበልጣል። ጃፓን ላይ በታየ በሰዓት ውስጥ ሕጋዊው ከቀረበ ፋንሰብ ለምን ይጠበቃል?

በዩቲዩብ ላይ

ዩቲዩብ የአሜሪካ ድርጅት ስለሆነ የሚገዛው በ1998ቱ የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ነው። ባለቤት ነኝ ያለ ሰው ሲያመለክት ቪዲዮውን ያነሣል፤ ካነሣ እሱ አይጠየቅም። ሁለት ነገሮችን መለየት ይጠቅማል። አንደኛው ኮንቴንት አይዲ ነው፤ ማሽኑ ራሱ ምስሉንና ድምፁን አነጻጽሮ ይይዛል። ባለቤቱ ቪዲዮውን ሊዘጋ ወይም የማስታወቂያውን ገቢ ለራሱ ሊወስድ ይችላል። ቻናሉ ግን አይቀጣም። ሁለተኛው ባለቤቱ በራሱ የሚያቀርበው የማስወገጃ ጥያቄ ነው፤ ይህ ስትራይክ፣ ማለትም ቻናሉ ላይ የሚመዘገብ ማስጠንቀቂያ፣ ያመጣል። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከሆነ ቻናሉ ይዘጋል።

በዲሴምበር 2021 ቶታሊ ኖት ማርክ የተባለው የአየርላንድ ዩቲዩበር ጠዋት ሲነሣ 150 ገደማ ቪዲዮዎቹ ታግደው አገኘ። ያመለከተው ቶኤይ አኒሜሽን ነው፤ የድራጎን ቦልና የዋን ፒስ ቤት። ማርክ ሪካፕ የሚሠራ ሰው አይደለም። ሂስ ነው የሚሠራው፤ ትንታኔው ሰፊ፣ የሚያሳየው ቁራጭ አጭር። በአሜሪካ ሕግ ጥሩ መከራከሪያ አለው። ቶኤይ ግን የጃፓን ኩባንያ ነው፣ ጃፓን ደግሞ ፌር ዩዝ የላትም። በጃንዋሪ 2022 ዩቲዩብ አገርን ከአገር የሚለይ መላ አበጀ፦ ቪዲዮዎቹ በጃፓን እንዲዘጉ፣ በሌላው ዓለም እንዲመለሱ። አንድ ቪዲዮ በአንድ አገር ሂስ፣ በሌላው ጥሰት ሆነ ማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ቶኤይ ስቷል፤ ለሥራው ነጻ ማስታወቂያ የሚሠራለትን ሰው ነው የመታው።

ሪካፕ ላይ ግን እንዲህ ማለት ይከብደኛል። ጃፓን ውስጥ ስታይንስ ጌት የተባለውን ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው አጫውቶ የለቀቀ፣ የአኒሜ ቪዲዮዎችንም አሳጥሮ የጫነ አንድ ሰው በ2023 ሁለት ዓመት እስራት በአምስት ዓመት ገደብ፣ ከአንድ ሚሊዮን የን መቀጮ ጋር ተፈርዶበታል። ጨዋታው ታሪክ ነው፤ መጨረሻውን ያየ ሰው የሚገዛበት ምክንያት የለውም። ምስሉን ገልብጦ ማሳየት፣ ዳር ዳሩን ቢጫ ፍሬም ማድረግ፣ ድምፁን ማቅጠን፣ ፍጥነቱን ትንሽ መጨመር፣ እነዚህ ሁሉ ማሽኑን ለጊዜው ያታልሉ ይሆናል። ዳኛ ፊት ግን ማታለል መሞከራችሁን ብቻ ነው የሚያሳዩት። ታች «ሁሉም መብት የባለቤቱ ነው» ብሎ መጻፍም የእምነት ቃል ይመስላል እንጂ መከላከያ አይሆንም።

እኛስ?

በአማርኛ የሚተረኩ የአኒሜ ሪካፖች ዩቲዩብ ላይ አሉ፣ ቴሌግራም ላይ ሙሉ ክፍሎች ይዞራሉ። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በዋናነት የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንንና በአገሪቱ የሚኖሩ ሰዎችን ሥራ፣ እንዲሁም መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ የታተመን ነው። የውጭ ሥራ በአብዛኛው የሚገባው ኢትዮጵያ በፈረመችው ዓለም አቀፍ ስምምነት በኩል ነው። አገሪቱ ደግሞ ከበርን ስምምነት ውጭ ለረጅም ዘመን ቆይታለች። የጃፓን ኩባንያ አዲስ አበባ መጥቶ ለመክሰስ ቢያስብ መንገዱ ጠባብ ነው። ኢትዮጵያ ስትደራደርበት የቆየችው የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ግን ይህን ይቀይራል፤ የድርጅቱ የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት የበርንን ዋና ዋና አንቀጾች ይዞ ነው የሚመጣው።

እስከዚያው ነጻ ነን የሚል ካለ ቻናሉ የት እንዳለ ይጠይቅ። ዩቲዩብ አዲስ አበባ አይደለም። ስትራይኩ ሲመጣ አዋጅ 410 አይጠቀስም። አሜሪካ፣ ጀርመን ወይም እስራኤል የሚኖር ሐበሻ ደግሞ በዚያው አገር ሕግ ይገዛል፤ ሦስቱም የበርን አባላት ናቸው። ጀርመን ውስጥ በቶረንት ያወረደ ሰው ቤቱ ድረስ የጠበቃ ደብዳቤ እንደሚመጣበት፣ ክፈል የሚለውም በመቶዎች ዩሮ እንደሆነ እዚያ የኖረ ያውቃል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ቶረንት ሲያወርድ በዚያው እያከፋፈለም ነው። ደብዳቤው የሚመጣው በማከፋፈሉ ነው።

ሥዕል ለሚሠሩት ጉዳዩ ይሻላል። በራሳችሁ እጅ የሣላችሁት ኢንስታግራም ላይ ቢቀመጥ የሚነካው ማግኘት ብርቅ ነው። ቲሸርት ላይ አትሞ መሸጥ ሲጀመር ግን ሁለት ነገር ይቀየራል፤ ኩባንያው ራሱ ከሚሸጠው ዕቃ ጋር ትሻማላችሁ፣ የንግድ ምልክትም ይገባበታል። ከመሸጥ በፊት የኩባንያውን የአድናቂዎች መመሪያ መፈለግ ነው፤ ብዙዎቹ በእንግሊዝኛም አውጥተውታል። ራሳችሁ የፈጠራችሁት ገጸ ባሕርይ ከሆነ ደግሞ በኢትዮጵያ ሕግ ከተሣለበት ሰዓት ጀምሮ የእናንተ ነው፣ መመዝገብ ግዴታ አይደለም።

ኤዲት የምትሠሩ ልጆች የምትረሱት ዘፈኑን ነው። አኒሜው አንድ ባለቤት አለው፣ ዘፈኑ ሌላ። በኖቬምበር 2005 የአኒሜ ሙዚቃ ቪዲዮዎች ዋና መሰብሰቢያ የነበረውን ድረ ገጽ «ቪዲዮዎቹን አንሡ» ያለው የሮክ ባንዱ የኢቫነሰንስ አሳታሚ ዊንድ አፕ ሪከርድስ ነበር፤ አኒሜ ሠሪዎቹ አልነበሩም። ያኔ በሺዎች የሚቆጠሩ ቪዲዮዎች ተነሥተዋል። ዛሬም ኮንቴንት አይዲ ከምስሉ ይልቅ ድምፁን ቶሎ ይይዛል። ቲክቶክ ላይ ከመተግበሪያው ውስጥ ያለውን ዘፈን መምረጥ ይቀላል፣ አካውንታችሁ የንግድ ከሆነ ግን የሚፈቀድላችሁ ምርጫ በጣም ያነሰ ነው።